ጉልበት ያጣ አሮጌ የናፍጣ መኪና፦ ተርቦ ይገዛ፣ ካርትሪጅ ይቀየር ወይስ ፖምፓ ይሠራ?

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር ለሚወጣ የጭነት መኪና ከዚያ ዳገት የበለጠ መርማሪ የለም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ አየር ቢደክም የሚጠበቅ ነው። ተርቦ ያለው ግን የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ ከጎደለው አብዛኛውን መመለስ ይገባዋል። አምና በሦስተኛ ማርሽ የወጣውን ዳገት ዘንድሮ በዚያው ጭነት በሁለተኛ እየተንፏቀቀ የሚወጣ ከሆነ ጥፋቱን ከፍታው ላይ አናላክከው።

ባለንብረቶች በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት "ተርቦ ስንት ገባ?" ብለው ነው። እኔ ግን ከተርቦው በፊት የግፊት ጌጅ ይገዛ ባይ ነኝ። የምጽፈው በኮምፒውተር ስለሚታዘዙ አዳዲስ ሞተሮች ሳይሆን ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋ ሜካኒካል ፖምፓ ስላላቸው አሮጌዎቹ ነው። በየመንገዱ የምናየው የቀድሞው ሲኖትራክ ደብሊው ዲ 615፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩና 9.7 ሊትሩ ሞተር፣ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ጌጁ ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ላይ በቀጭን ቱቦ ይገጠማል፤ ዋጋው ከተርቦ ጋር የሚወዳደር አይደለም። መኪናውን አቁሞ ነዳጅ መርገጥ ምንም አያሳይም፤ ግፊት የሚመጣው ሞተሩ ሸክም ሲሰማው ብቻ ነው። ጭነት ይዞ፣ ዳገት ላይ፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ ይነበብ። በብዙዎቹ አሮጌ የጭነት መኪናዎች ከፍተኛው ግፊት ከ1 እስከ 1.5 ባር ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ትክክለኛው ቁጥር የሞተሩ መመሪያ ላይ አለ።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ከዚህ በኋላ ነው። ጌጁ ዝቅ ብሎ ሲያሳይ "ተርቦው ሞቷል" ይባላል። ተርቦ ግን የሚሽከረከረው በጭሱ ሙቀትና ግፊት ነው፤ ሞተሩ በቂ ናፍጣ ካላገኘ ጭሱ ጉልበት አይኖረውም፤ ጤነኛው ተርቦም ይሰንፋል። ስለዚህ ጌጁን ከጭሱ ጋር አንድ ላይ ማየት ግድ ነው። ግፊቱ ዝቅተኛ ሆኖ ጥቁር ጭስ የሚያጨስ ሞተር ናፍጣ አለው፣ አየር አጥቷል፦ የአየር ፊልትሮ ተደፍኗል፣ ከተርቦው የወጣውን ትኩስ አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ወይም ተርቦው በእርግጥ ተጎድቷል። ግፊቱ ዝቅተኛ ሆኖ ጥቁር ጭስ የሌለው ሞተር ግን የተራበው ናፍጣ ነው። እዚህ ላይ ተርቦ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። ግፊቱ ልክ ሆኖ መኪናው ካልጎተተ ደግሞ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን፣ የያዘ ፍሬን፣ ያረጀ ኖዝል (ናፍጣውን በሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጨው) ወይም የተዛባ የናፍጣ መርጫ ጊዜ ይፈለግ።

በእኛ አካባቢ በተለይ የማስጠነቅቀው ስለ ሞተር ፍሬን ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወረድ ሞተር ፍሬን ያለ እረፍት ይሠራል። የጭሱን መውጫ የሚዘጋው ክዳን በጥላሸት ተይዞ ግማሽ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ሞተሩ ጭሱን ማስወጣት አቅቶት ይታፈናል። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ከመኪናው ሥር ገብቶ በዓይን ማየት ምንም አያስወጣም።

አሁን ፖምፓን ከተርቦ እናወዳድር። ጭስ የሌለው ድካም ላይ መጀመሪያ የናፍጣ ፊልትሮ ይቀየራል፤ ናፍጣውን ከታንከር የሚስበው ትንሹ ፖምፓና ቱቦው ይፈተሻል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ የፖምፓው እጀታ እስከ መጨረሻው መድረሱ ይታያል። ቀጥሎ በብዙዎቹ ፖምፓዎች ላይ ያለችው የተርቦ ግፊት ተቀባይ ትመረመራለች። ከማኒፎልዱ በቀጭን ቱቦ አየር ይደርሳታል፤ ግፊት ሲሰማት ናፍጣ እንዲጨመር ትፈቅዳለች። ቱቦዋ ከተሰነጠቀ ወይም በውስጧ ያለው ስስ ጎማ ከተቀደደ ፖምፓው ተርቦ እንደሌለ ቆጥሮ ናፍጣ ይቆጥባል። አንዲት ቁራጭ ቱቦ የምትፈታው ችግር ነው። ፖምፓው ተፈትቶ በመለኪያ ማሽን ላይ እንዲሠራ የምመክረው እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ሲገኙ ብቻ ነው፤ ሲሠራም ኖዝሎቹ አብረው ይለኩ፣ የእያንዳንዱ ሲሊንደር መጠን የተጻፈበት ወረቀትም ይጠየቅ።

"ናፍጣ ጨምርልኝ" ብሎ የፖምፓውን ብሎን ማስጠምዘዝ ግን ከአማራጭ አይቆጠርም። አየር ለጎደለው ሞተር ናፍጣ መጨመር ጭሱን ያጠቁረዋል፣ ሙቀቱን ያንረዋል፤ ለጥቂት ጊዜ የጎተተ ይመስልና ፒስተን ያቀልጣል። ይህን ለደንበኛው ሳይነግር የሚያደርግ መካኒክ ጋር መኪና መተው አይገባም።

ተርቦው ተጠርጣሪ ሆኖ ከተገኘ ሞተሩ ጠፍቶ በርዶ ሳለ የአየር ቱቦውን አውልቃችሁ ዘንጉን በሁለት ጣት ያዙት። ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቁ አያስደንግጥ፤ ዘንጉ በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ስለሚሽከረከር ክፍተት ተትቶለታል። ሲገፋና ሲሳብ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መሄዱ ለእጅ በግልጽ ከታወቀ፣ ወይም አየሩን የሚገፉት ምላጮች ቤታቸውን (የተርቦውን ሽፋን) ፍቀው የሚያብረቀርቅ ጭረት ከተዉ፣ አልቆለታል።

ያኔ የሚገዛው የቱ ነው? ያገለገለ ተርቦ ዋጋው ይስባል፤ ነገር ግን የቀድሞው መኪና ዘይት በወቅቱ ይቀየርለት እንደነበር የሚያውቅ የለም፤ በዚህ ዋጋ የሚገዛው የሰው ችግር ነው። ለእኔ የመጨረሻው ምርጫ ነው። ሙሉ አዲስ ኦርጅናል ከሁሉም የሚታመን ሲሆን ዋጋው ለአሮጌ መኪና የሚከብድ ነው፤ የተርቦው ቤት ራሱ ከተሰነጠቀ ወይም በምላጭ ከተቦረቦረ ግን ሌላ መንገድ የለም። ቤቶቹ ደህና ከሆኑ ካርትሪጁን ማለትም ዘንጉን፣ ምላጮቹንና መሐሉን ብቻ መቀየር ለብዙዎቻችን የሚበጀው ነው፤ ሚዛኑ በፋብሪካ የተስተካከለ መሆኑ ይረጋገጥ። ስመ ጥር ያልሆነ ሙሉ ቅጂ ከካርትሪጁ ብዙም ካልተራራቀ ካርትሪጁን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ቤቱ ለዚያ ሞተር የተሠራው ራሱ ነውና። በሁሉም ላይ የተርቦው ቁጥር ከሰሌዳው ተነብቦ ይገዛ፤ በመኪናው ስም ብቻ የሚገዛ ተርቦ ልኩ ሊሳሳት ይችላል።

አሮጌውን ተርቦ የገደለው አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ነው፤ ምክንያቱ ሳይወገድ የገባው አዲስም ይከተለዋል። ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው ይቀየር፣ ወደ ተርቦው የሚገባው የዘይት ቱቦ አዲስ ይሁን፣ የተሰበረ ምላጭ ካለ ኢንተርኩለሩ ይታጠብ። በገጠማው ቀን በመግቢያው ንጹሕ ዘይት ይፍሰስበት፤ ናፍጣው ተዘግቶ የዘይት ግፊት እስኪታይ ድረስ ሞተሩ በሞተሪኖ ይዙር። ከተነሣ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ ነዳጅ ሳይረገጥ ይቆይና በየመጋጠሚያው ዘይት ወይም ጭስ የሚያፈስ መኖር አለመኖሩ ይታይ።