ምርጥ የእንጀራ ምድጃ፦ ከአንድ ዓመት በላይ ከተጋገረበት በኋላ

ምርጥ የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ የገዛሁት ሰሜን ሸዋ ለምትኖረው እናቴ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ እየተጋገረበት አንድ በጋና አንድ ክረምት አልፎታል፤ በመካከሉም አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ ተጠግኗል። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ የጋገረችው በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ነበር፤ ማገዶዋም የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል፣ እሱ ሲጠፋ ደግሞ ኩበት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው እሷ ስትጋግር አጠገቧ ተቀምጬ ያየሁትንና ስለ ምድጃው አሠራር የማውቀውን ነው።

ምርጥ በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች የተነደፈ ሲሆን፣ ሥራው በዓለም ባንክ ድጋፍ ይካሄድ የነበረ ፕሮጀክት አካል ነበር። ላቀች የተባለችው የከሰል ምድጃም የዚያው ዘመን ሥራ ናት። በ1990ዎቹ ደግሞ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት በየከተማው አነስተኛ አምራቾችን እያሠለጠነ ምድጃው እንዲስፋፋ አግዟል። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማደንቀው የመሐንዲሶቹን መነሻ ነው። እንጀራ ሰፊና ስስ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር በእኩል ሙቀት መብሰል ያለበት ምግብ ነው፤ ምጣዱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ስላለውና ሸክላም ስለሆነ ቀስ ብሎ ይግላል፤ ለድስት ተብሎ የተሠራ ጠባብ ምድጃ፣ ምንም ያህል ማገዶ ቆጣቢ ቢሆን፣ መሐሉን አሳርሮ ዳሩን ሊጥ ያስቀረዋል። እነዚህ ባለሙያዎች ምጣዱን፣ አክንባሎውንና አብሲቱን እንደነበሩ ትተው ከሥር ያለውን እሳት ብቻ ለወጡ። እናቴም አዲስ የአጋገር ዘዴ መማር አላስፈለጋትም፤ ለዓመታት የተሟሸ ምጣዷን ከጉልቻው አንሥታ አዲሱ ምድጃ ላይ አስቀመጠችው፤ የመጀመሪያው ቀን እንጀራም ዓይኑ አላነሰም።

ምድጃው የሚሠራው ብሎኬት ከሚመረትበት ፑሚስ ከሚባል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ከሲሚንቶ ሲሆን፣ ድብልቁ በብረት ቅርጽ ውስጥ እየተጠቀጠቀ በስድስት ክፍል ይወጣል። አራቱ ሲጋጠሙ ክብ ግድግዳ ይሆናሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ጭሱ የሚወጣበትንና ድስት የሚጣድበትን ቦታ ይሠራሉ። ፑሚስ በውስጡ አየር የያዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም፤ እሳቱ እየነደደ ግድግዳውን ከውጭ በኩል የነካ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል። በጉልቻ ላይ ነፋስ ነበልባሉን ወዲያና ወዲህ እያስተኛ አብዛኛውን ሙቀት ከምጣዱ ሥር ይሰርቀዋል። በምርጥ ግን ነበልባሉ ታጥሮ ምጣዱን ከዳር እስከ ዳር ካገኘው በኋላ በኋላው በር ሲወጣ የተጣደውን ድስት ያሞቃል። እናቴ በዚህ ቦታ ውኃ ታፈላበታለች፤ ወጥ ለመሥራት ግን ሙቀቱ የሚበቃው ጋገራው ሲጋመስ ስለሆነ፣ ድስቱን ገና ከጅምሩ ጥዶ ቶሎ ይንተከተካል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ስለ ማገዶ ቁጠባው በጥንቃቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ምድጃው ሲሸጥ «ማገዶን በግማሽ ይቀንሳል» ሲባል ሰምቼ ነው የገዛሁት። ይህ ቁጥር የሚገኘው ማገዶው ደረቅና የተፈለጠ፣ ጋጋሪዋም በሥራዋ ላይ ብቻ ያተኮረች ስትሆን ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው አንድ ጥናት በገጠር ኢትዮጵያ ቤቶች ውስጥ ምድጃዎቹ ላይ ሙቀት የሚመዘግብ መሣሪያ በመግጠም አጠቃቀሙን ከተከታተለ በኋላ፣ አንድ ምድጃ በአማካይ በዓመት ወደ 634 ኪሎ ግራም ማገዶና 0.94 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያድን ገምቷል፤ ይህም ከዚያ በፊት ይነገር ከነበረው ግምት ግማሽ ያህሉ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ምድጃው ተጋንኖ ተነግሮለታል ሊል ይችላል፤ እውነትም ተጋንኖ ነበር። ነገር ግን አንድ ሸክም እንጨት 30 ኪሎ ግራም ይመዝናል ብንል እንኳ፣ 634 ኪሎ ግራም ማለት በዓመት ከ20 ጊዜ በላይ ዳገት ወጥቶ ማገዶ ተሸክሞ መመለስ ማለት ነው፤ ያንን ሸክም የሚሸከሙት ደግሞ እናቶችና ሴት ልጆች ናቸው። በእኛ ቤት ቀድሞ ለአንድ ጋገራ ሁለት እስር ጭራሮ ያልቅ ነበር፤ አሁን በበጋ ከአንድ እስር ጥቂት ያልፋል፣ በክረምት እንጨቱ ሲረጥብ ግን ወደ ድሮው ይጠጋል። ብዙው ማገዶ የሚያልቀው ምጣዱ እስኪግል ስለሆነ፣ ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ምጣድ ተከታትለው ቢጋግሩ ቁጠባው ከፍ ይላል፤ እናቴና ጎረቤቷ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ጀምረውታል።

ቅር ያሰኘኝ የጭሱ ጉዳይ ነው። ጭሱ ቀንሷል፣ እናቴም እሳቱን እፍ እያለች ዓይኗን ስታሽ የምትውልበት ጊዜ አብቅቷል፤ ሆኖም እኛ የገዛነው ምድጃ ጭሱን ከማድቤት ውጭ የሚያደርስ ቧንቧ ስለሌለው፣ ከኋላው በር የሚወጣው ሁሉ እዚያው ጣሪያው ሥር ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ አየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል፤ በዚህ ላይ «ከጉልቻ ይሻላል» የሚለው መልስ አያረካኝም። ምድጃውን የሚገዛ ሰው የኋላውን በር በግድግዳ በኩል አስጠግቶ፣ ከበላዩ ጭስ የሚያስወጣ ክፍት ቦታ እንዲያበጅ አጥብቄ እመክራለሁ። እንጨትም በፊተኛው የማገዶ በር ሙሉ መጠቅጠቅ የለበትም፤ አየር ያጣ እሳት ይጨሳል እንጂ አይነድም።

ሌላው የአመራረት ጥራት ነው። በሦስተኛው ወር ከግድግዳው ክፍሎች አንዱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ሻጩ ምድጃውን ከቅርጹ ካወጣው በኋላ ውኃ ሳያጠጣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ እንደሸጠልን ተረዳሁ። ሲሚንቶ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ነው፤ ለቀናት እርጥበቱ ካልተጠበቀለት መልኩ ደርቆ ያማረ ቢመስልም ውስጡ ተፈርካሽ ሆኖ ይቀራል። መሐንዲሱ በወረቀት ላይ ያሰፈረው ድካም ሁሉ በዚህች አንዲት ሳምንት ቸልታ ሊበላሽ መቻሉ በጣም ያሳዝናል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ስንት ቀን ውኃ እንደጠጣ ጠይቁ፣ ጠርዙን በጥፍራችሁ ፈትጉና ዱቄት ካራገፈ ተዉት፣ ክፍሎቹንም እዚያው አጋጥማችሁ ክፍተት እንደሌላቸው እዩ። የእኛን ስንጥቅ እናቴ ጭቃን ከአመድና ከጭድ ጋር አቡክታ ለሰነችው፤ እስካሁን ይዟል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ለምን አልገዛህም ያሉኝ ዘመዶች አሉ። መብራት በማይቋረጥበት ከተማ ለሚኖር ሰው እኔም የምመክረው እሱኑ ነው፤ ጭስም አመድም የለውም። ነገር ግን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ በመሆኑ ጠንካራ መስመር ይፈልጋል፣ እናቴ ሰፈር ደግሞ መስመሩ ገና አልደረሰም። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኃይሉ ከግድቡ እስከ እናቴ ማድቤት የሚደርሰው ግን በምሰሶ፣ በትራንስፎርመርና በሽቦ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ እንጀራ በእንጨት መጋገሩ አይቀርም።

አንድ ነገር ግን ነዳፊዎቹ ለተጠቃሚው ትተውታል፤ እሱም ከፍታው ነው። ምድጃው መሬት ላይ ሲቀመጥ ጋጋሪዋ እንደ ድሮው ታጎንብሳለች፣ ወገቧም እንደ ድሮው ይታመማል። እናቴ ሁለት ጊዜ ከጋገረችበት በኋላ ክፍሎቹን ፈታ በድንጋይና በጭቃ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ መደብ ሠራች፣ ምድጃውንም እላዩ ላይ መልሳ ገጠመችው። አሁን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቀና ብላ ትጋግራለች፤ «እሳቱም ፊቴን አይለበልበኝም» ትላለች። ባለፈው ወር ስሄድ የታችኛው ሰፈር ሴቶች የመደቡን ቁመት በሸምበቆ ለክተው፣ ልኩ ላይ ምልክት አድርገው ወስደዋል።