ፓኒክ ሲነሳ፦ ቀዝቃዛ ውሃ ይሻላል ወይስ ትንፋሽ?

ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር (ስሜት በኃይል የሚለዋወጥበትና ሰው ጥሎኝ ይሄዳል የሚል ፍርሃት የሚያይልበት የአእምሮ ሕመም) ያለበት ሰው አንዳንዴ ፓኒክ የሚነሳበት የሚወደው ሰው ስልክ ስላላነሳ ብቻ ነው። "በቃ ጥሎኝ ሄደ" የሚል ሐሳብ ይመጣል፣ ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይደነዝዛል፣ አየር ያጥራል። ያኔ "ተረጋጋ" ቢሉት ምንም አይፈይድለትም።

ቀዝቃዛ ውሃ ከዲቢቲ (ከባድ ስሜትን መቆጣጠር ከሚያስተምር የንግግር ሕክምና) የመጣ ዘዴ ነው። ሕክምናውን የፈጠረችው ማርሻ ሊንሃን ናት፤ በወጣትነቷ በከባድ የአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ተናግራለች። ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ትሞላላችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ትንፋሻችሁን ትይዙና ፊታችሁን እስከ 30 ሰከንድ ትነክራላችሁ። ሰውነት ውሃ ውስጥ የጠለቀ ይመስለውና የልብ ምት ይቀንሳል። ማሰብ አይጠይቅም፣ እኔ የምወደውም ለዚህ ነው። የልብ ችግር ወይም የአመጋገብ ሕመም ያለበት ግን መጀመሪያ ሐኪም ይጠይቅ።

ትንፋሽ ደግሞ ታክሲ ውስጥም ይሠራል፣ ማንም አያይም። እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት። ችግሩ ፓኒኩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ትንፋሽን ማዳመጥ አንዳንዱን ሰው ይበልጥ ያስፈራዋል፤ በደህናው ጊዜ ካልተለማመዱት ደግሞ በዚያ ሰዓት ከየት ይመጣል?

ስለዚህ እኔ ውሃውን አስቀድማለሁ፣ ልብ በረድ ሲል ትንፋሹን አስከትላለሁ። መንገድ ላይ ከሆናችሁ ቀዝቃዛ የሃይላንድ ጠርሙስ ከዓይን ሥርና ጉንጭ ላይ መያዝም ይረዳል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ብቻችሁን አትሁኑ፤ የምታምኑትን ሰው ጥሩ፣ ወይም ቶሎ ሆስፒታል ሂዱ።