ማታ ማታ ትደውልልን የነበረችው ዶክተር፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሁፍ መጻፍ የነበረብኝ ከዓመታት በፊት ነው። ያኔ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት አባዬን ለክትትል ይዤው ሄድኩ። ዶክተሯ ደረቱን አዳመጠችው፣ መድኃኒቱን አስተካከለችለት፣ ስቃ ሸኘችን። መኪና ውስጥ ገብቶ "ይቺ ልጅ ባትኖር ኖሮ..." ብሎ ጀመረና ዝም አለ። እሱን ቤት አድርሼ እንደተመለስኩ ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ኮሮና አገራችን ገባ ሲባል ሁላችንም ወደ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ፌጦ ሮጥን። እኛም ቤት እንደዚያው ነበር። ሐምሌ ላይ አባዬን ሳል ያዘው። አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። "ታይፎይድ ነው" ተብሎ መድኃኒት ታዘዘለትና ይዘነው ተመለስን። በአራተኛው ቀን ከአልጋው እስከ በር መሄድ አቃተው። ሁለት ቃል ተናግሮ ትንፋሹ ይቆረጣል። ያኔ ለኮሮና ጥሪ ይውል ወደነበረው 8335 ደወልን።

አምቡላንሱ ሲመጣ ጎረቤት ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ያይ ነበር። አልፈርድባቸውም፣ ሁላችንም ፈርተን ነበር። አባዬን ሚሌኒየም አዳራሽ አስገቡት። ለኮንሰርት የምናውቀው አዳራሽ በዚያ ክረምት የኮሮና ህክምና ማዕከል ሆኗል። አስታማሚ አይገባም። ፒጃማውንና ውዳሴ ማርያሙን በፌስታል አስረን ሰጥተን በዝናብ ተመለስን።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ በማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለልኝ።

"የአባባ ልጅ ነሽ? ዛሬ ያየኋቸው ሐኪም ነኝ። ሲገቡ የኦክስጅን መጠናቸው 79 ነበር። አሁን ኦክስጅን እየተሰጣቸው 91 ደርሷል። በጤነኛ ሰው 95ና ከዚያ በላይ ነው። ዛሬን ደህና ናቸው። የነገውን አላውቅም፣ አልዋሽሽም።"

ያቺ "አልዋሽሽም" የምትለው ቃል ናት ያቆመችን። ከዚያ በኋላ በየማታው ደወለች። አንዳንዴ አንድ ደቂቃ፣ አንዳንዴ አስር ደቂቃ። እማዬ ከ1 ሰዓት ጀምራ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

በስድስተኛው ቀን ድምጿ ሌላ ነበር። "ዛሬ ጥሩ አይደሉም" አለችኝ። ኦክስጅኑ እየወረደበት ነው። በሆዱ ሲተኛ ከጀርባ በኩል ያለው የሳንባ ክፍል አየር ስለሚያገኝ በሆዱ አስተኝታዋለች። "ህፃን ልጅ ነኝ ወይ?" ብሎ ተቆጥቷት ነበር አሉ። አጠገቡ ቆማ ለምናዋለች። ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት እንደጀመረችለትም ነገረችኝ። በዚያው ዓመት ሰኔ በእንግሊዝ አገር የተደረገ ጥናት ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውን ህሙማን ሞት እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። "ውድ እንዳይመስልሽ፣ የቆየና ርካሽ መድኃኒት ነው" አለችኝ። እኔ ደግሞ ምን እንሽጥ እያልኩ ነበር።

በማግስቱ በቪዲዮ አሳየችን። ስልኩ በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ ምስሉ ጭጋግ ነው። የአባዬ እጅ ብቻ ታየን። ጣቱ ላይ ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ አለ። እማዬ "ቀለበቱን አላወለቀም" አለችና ማልቀስ ጀመረች።

የዶክተሯን ኑሮ የሰማሁት በኋላ ነው። ያ መከላከያ ልብስ አንዴ ከተለበሰ ተረኛ እስኪቀይር አይወልቅም። ስለዚህ ከመግባቷ በፊት ውኃ አትጠጣም። መነጽሩ በላብ ይጨልማል። ማን ማን እንደሆነ ስለማይለይ ጀርባቸው ላይ ስማቸውን በማርከር ይጽፋሉ። ሁለት ሳምንት ሠርታ ስትወጣ ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ ለይቶ ማቆያ ሆቴል ነው የሄደችው። የሦስት ዓመት ልጅ አላት። እናቷ ልጁን አዝለው መንገድ ማዶ ይቆማሉ፣ እሷ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት እጇን ታወዛውዝለታለች። "ሲያለቅስ ይታየኛል፣ ድምፁ ግን አይሰማኝም" ያለችኝን አልረሳውም።

ከዚያው ሆቴል ሆና ነው ለኛ የምትደውለው። ተረኛውን ሐኪም ጠይቃ፣ የአባዬን የኦክስጅን ቁጥር ጽፋ፣ በዚያችው ሰዓት። ይህን አድርጊ ብሎ ያዘዛት ማንም አልነበረም።

አባዬ በ19ኛው ቀን ወጣ።

መጋቢት 4 ቀን 2013፣ ልክ በዓመቱ፣ ክትባቱ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተጀመረ። ቅድሚያው ለጤና ባለሙያዎች ነበር። እሷም ተራዋ ደርሶ ስትከተብ "ተወጋሁ፣ ለአባባ ንገሪልኝ" ብላ ጽፋልኛለች።

አባዬ ፊቷን አይቶት አያውቅም ነበር። ከወጣ በኋላ ለምርመራ ስንሄድ ያለ መነጽርና ያለዚያ ነጭ ልብስ አገኘናት። እንደ ማንኛዋም ወጣት ዝም ብሎ ሰላም አላት። "አባባ፣ ዛሬስ በልተዋል?" ስትለው ከወንበሩ ተነሳ። በድምፅዋ አወቃት።

አሁን ወደ ጥቆማው ልምጣ። ያኔ ጠቅላላ ሐኪም ነበረች፣ ዛሬ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ናት። ቀን በመንግሥት ሆስፒታል ትሠራለች፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ አንድ ክሊኒክ ትገባለች። ስኳር፣ ግፊት ወይም አስም ያለባቸው እናት አባት ያላችሁ ውሰዷቸው። የምታናግረው በሽተኛውን ነው እንጂ ይዞት የመጣውን ልጅ አይደለም። የድሮ ወረቀቶቻችሁን አንድ በአንድ ታያለች፣ ስለዚህ ይዛችሁ ሂዱ። የማያስፈልግ ምርመራ አታዝም። መድኃኒቱ መቼ እንደሚወሰድ በአማርኛ በትልልቁ ትጽፍላቸዋለች። አባዬ ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጥፎታል። ወረፋዋ ግን ረጅም ነው፣ ማንንም አቻኩላ አታስወጣም። ቀደም ብላችሁ ድረሱ።

ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ አትወድም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ የክሊኒኩን አድራሻ እሰጣችኋለሁ። እሑድ ግን አትደውሉላት። እሑድ የልጇ ቀን ናት።