«ሁለቱንም ካልወሰዱ አልሸጥም» ያለችኝ የሸዋሮቢት ዘር ሻጭ

ዘር ቤት ገብቼ እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም። «ጋሼ፣ ማሳው ስንት ጥማድ ነው?» አለችኝ። አምስት አልኳት። ለአራቱ ትል የሚቋቋም ቢቲ ጥጥ፣ ለአንዱ ተራ ጥጥ ሰጠችኝ። «ሁለቱንም ካልወሰዱ አልሸጥም።»

አምና ሌላ ሱቅ ነው የገዛሁት። አንድ ቃል የነገረኝ የለም፤ አምስቱንም ጥማድ ቢቲ ዘራሁት። ይህችኛዋ ግን ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ።

ቢቲ ጥጥ ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል አለው። የጥጥ ፍሬ የሚቦረቡረው ጓይ ትል ሲበላው አንጀቱ ተበሳስቶ ይሞታል። አልፎ አልፎ ግን የማይሞት አይጠፋም። ማሳው ሁሉ ቢቲ ከሆነ የተረፉት እርስ በርስ ይራባሉ፣ የማይበገር ዘር ይተካሉ። አጠገቡ ተራ ጥጥ ካለ ግን ትሉ አድጎ የእሳት እራት ሲሆን ከዚያ የሚወጣው ይበዛል፤ ከቢቲው የተረፈችውም የምትገናኘው ከእሱ ጋር ነው። ልጆቻቸው ቢቲውን ሲቀምሱ ይሞታሉ።

ህንድ ውስጥ የተራው ዘር ከቢቲው ጋር አብሮ ይሰጥ ነበር። ብዙው ገበሬ አልዘራውም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሮዙ የጥጥ ትል የሚባለው ሌላ ተባይ ጉጃራት ክፍለ ግዛት ላይ ቢቲውን እንደተላመደ ይፋ ሆነ።

ጎረቤቴ «ለትል ቀለብ ልትሰፍር ነው? ቲማቲሙና ሽምብራው አይበቃውም?» አለኝ። ለጓይ ትል ይሆናል፣ እነሱንም ይበላል። ሮዙ ትል ግን ኑሮው ጥጥ ላይ ነው።

ጥቅምት ላይ ከተራው ጥጥ አንድ ፍሬ ሰበርኩ። አረንጓዴ ትል ጭንቅላቱን ቀብሮ ይበላል፣ ኩሱ ገና እርጥብ ነው። ሆዴ ተላወሰ። የትል መድኃኒት ግን እዚያ ጥማድ ላይ አልረጨሁም፣ እንዳልረጭ አደራ ብላኛለችና። ከቢቲው ሃያ ፍሬ ሰበርኩ፤ ሁሉም ንጹሕ። የተክሉን ጭማቂ የሚመጠውን ክሽክሽ ቢቲው አይነካውም፣ ለእሱ ረጭቻለሁ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ተራው ጥጥ ከቢቲው ሁለት ሳምንት ዘግይቶ አበበ። እኩል ካላበቡ የእሳት እራቶቹ ጊዜያቸው ይተላለፋል፣ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ሄጄ ነገርኳት። አልተከራከረችም። ደብተሯን ገልጣ የዘራሁበትንና ያበበበትን ቀን ጻፈች፤ ለከርሞ ከቢቲው እኩል የሚያብብ ዘር እንደምትፈልግልኝ ነገረችኝ። እኔም ሰኔ ላይ ተመልሼ የምገዛው ከእሷው ነው።