ጀሞ የሚሸጠው የቦክስ ራስ መከላከያ ምኑን ይከላከላል?

በጀሞ፣ በለቡና በአያት የስፖርት ዕቃ ሱቆች የሚሰቀሉት የቦክስ ራስ መከላከያዎች፣ ልጆቹ «ሄድጊር» የሚሏቸው፣ አብዛኞቹ ከላይ ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ ከውስጥ ስፖንጅ ናቸው።

ከመግዛታችሁ በፊት ከቅንድብ አንድ ጣት ከፍ ብላችሁ ጭንቅላታችሁን ዙሪያውን በሜትር ለኩ። ሱቁ ውስጥ አጥልቃችሁ፣ አገጭ ሥር አስራችሁ፣ ራሳችሁን ግራና ቀኝ በኃይል ነቅንቁ። ከተንሸራተተ ይቅርባችሁ፤ ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ላይ በአንድ ሁክ፣ ማለትም ከጎን በሚመጣ ቡጢ፣ ዓይናችሁ ላይ ይወርድና ቀጣዩን ቡጢ ይጋርድባችኋል። ስፖንጁንም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨምቁት። ጣቶቻችሁ ሊነካኩ ከደረሱ ስስ ነው፤ ሰርጉዶ ከቀረ ደግሞ አርጅቷል። ርካሾቹ ላይ ቀድሞ የሚበላሸው ቬልክሮው፣ ማለትም ተጣባቂው ማሰሪያ ነው፤ ላብና ፀጉር ይሞላና መያዝ ያቆማል። ከኋላ በገመድ የሚታሰር ካለ እሱ ይሻላል።

ለተሠራበት ሥራ ዕቃው መጥፎ አይደለም። ቅንድብ እንዳይሰነጠቅ፣ ጆሮ እንዳያብጥ ይረዳል። «አንጎል ይጠብቃል» ተብሎ ሲሸጥ ግን ውሸት ነው። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ የተከበበ ለስላሳ አካል ነው፤ አገጭ ከጎን ሲመታ ጭንቅላት በድንገት ይዞራል፣ አንጎሉ ዘግይቶ ይከተለዋል፣ የነርቭ ክሮቹ ይወጠራሉ። ከውጭ የተለጠፈ ስፖንጅ ይህን አያስቆምም። እንዲያውም ወፍራሙ ጭንቅላትን ሰፊ ዒላማ ያደርገዋል።

ናይጄሪያ የተወለደው የአስከሬን ምርመራ ሐኪም ቤኔት ኦማሉ እ.ኤ.አ. በ2002 ፒትስበርግ ውስጥ የመረመረው ማይክ ዌብስተር፣ በ50 ዓመቱ የሞተ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነበር። ለ17 የውድድር ዘመን ያጠለቀው ጠንካራ ሄልሜት ነው፤ የፊት ብረት ያለው፣ ከጀሞው ስፖንጅ ጋር የማይወዳደር። አንጎሉ በዓይን ሲታይ ጤነኛ ይመስል ነበር፤ በማይክሮስኮፕ ግን ታው የተባለው ፕሮቲን ተጠራቅሞ ተገኘ፤ ይህም ተደጋጋሚ ምት አንጎል ላይ የሚተወው የጉዳት ምልክት ነው። ኦማሉ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያሳትም የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ኮሚቴ ሐኪሞች ጽሑፉ እንዲሰረዝ ጠየቁ። ሻጭ መቼም ዕቃዬ አይረባም አይልም። ኦሎምፒክ ላይ ደግሞ ወንዶቹ ከሪዮ 2016 ጀምሮ ያለ ራስ መከላከያ ይጋጠማሉ።

ስለዚህ ብሩ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ መጀመሪያ 16 አውንስ የስፓሪንግ ጓንት ግዙ። ቀጥሎ በሙቅ ውሃ ለስልሶ የጥርስን ቅርጽ የሚይዘው የጥርስ መከላከያ ይምጣ። ራስ ላይ የሚያነጣጥር ስፓሪንግ መቀነስ ደግሞ ምንም ብር አይጠይቅም።

ተመትቶ የተንገዳገደ፣ ዓይኑ የፈዘዘ ወይም አንዱን ጥያቄ የሚደጋግም ልጅ ያን ቀን ወደ ሪንጉ አይመለስም፤ ራሱን ባይስትም። ደጋግሞ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አንድ እጁ ከደከመ ወዲያው ወደ አምቡላንስ፣ 907 ደውሉ። ከዳር ሰፈር ወደ መሀል ከተማ ያለው መንገድ ሲዘጋ ሰዓት ይበላል፣ «ትንሽ አርፎ እንየው» አይሠራም። ቀለል ያለ ጉዳት ከሆነ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያርፋል፤ ቤት ውስጥ መንቀሳቀስና ቀስ ብሎ መራመድ ይችላል። ከዚያ ቀላል ሩጫ፣ ከዚያ የእግር ሥራና ብቻውን ቡጢ መወርወር፣ እያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ አንድ ቀን ይወስዳል። ምልክቱ ከባሰበት አንድ ደረጃ ይመለሳል። ስፓሪንግ መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ሐኪም ሲፈቅድ።

ቡድኑ አንድ መከላከያ የሚዋዋስ ከሆነ ቆረቆር አብሮ ይዋዋሳል። እያንዳንዱ ልጅ ከሥር የራሱን የጥጥ ቆብ ያድርግ። ከልምምድ በኋላ ውስጡን በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ካሰጣችሁት ቆዳው ይሰነጣጠቃል።