በደሴ ፒያሳ ያለው የመጻሕፍት ማከራያና የፍልስፍና መደርደሪያው

ደሴ ፒያሳ በሚገኘው በዚህ አነስተኛ የመጻሕፍት ማከራያ ስለ ስሜትና ስለ እኔነት የሚያትቱ መጻሕፍት ከልብ ወለዱ ተለይተው መደርደራቸው ፈላጊውን ከብዙ ድካም ያድናል። ባለቤቱ ያነበቡትን ብቻ ነው የሚመክሩት፤ ቁጣ የሚመነጨው ከደረሰብን ነገር ሳይሆን በነገሩ ላይ ከምንሰጠው ፍርድ ነው የሚሉትን የስቶይኮች (የጥንት ግሪክና ሮም ፈላስፎች) አስተሳሰብ የሚያብራራ መጽሐፍ ካከራዩኝ በኋላ፣ ወደ ውስጡ በተመለከተ ቁጥር ሙቀትን ወይም ብርድን (እርሱስ በደሴ ፍለጋ አያሻውም)፣ ፍቅርን ወይም ጥላቻን እንጂ ከእነዚህ የተለየ ማንነት እንዳላገኘ የጻፈውን ስኮትላንዳዊ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩምን (1711–1776) አስከተሉልኝ። ቅደም ተከተሉ የታሰበበት ነው፤ ሁለተኛውን ያነበበ ሰው በመጀመሪያው መጽሐፍ የተባለውን ፍርድ የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ መጠየቁ አይቀርምና። አንዳንዱ ቅጂ ግን ገጽ የጎደለው ስለሆነ ከመውሰድ በፊት ማገላበጥ ይገባል። ኪራዩ ለተማሪ አይከብድም።