ይህን ባለሙያ ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል

ሰላም ወገኖቼ። መኪናችሁን ቀለም አስቀብታችሁ፣ ስትረከቡ ልባችሁ ያዘነ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ሳሪስ አካባቢ አንድ ባለሙያ አለ። አዲስ የተቀባ ቀለም ላይ ያለውን ሸካራ በውሃ አሽቶ፣ በማሽን ወልውሎ ቁልጭ ያደርገዋል። እጁን ይባርከው!

መኪናዋ የአባቴ ናት። ጥቁር ሰማያዊ ዲኤክስ ኮሮላ። እኛን ትምህርት ቤት ያደረሰባት፣ እናታችንን በሕመሟ ጊዜ ሐኪም ቤት ያመላለሰባት መኪና ናት። የእህቴ ሰርግ ለጥር ሲቆረጥ አባባ «ልጄን በሰው መኪና አልሸኝም» አለ። እኔና ወንድሜም አዋጥተን ሙሉ ቀለም ልናስቀባት ተስማማን።

የመጀመሪያውን ጋራዥ ስም አልጠራም። ቀለሙ ከሩቅ ያምራል። ጠጋ ሲሉ ግን አቧራው ከቀለሙ ጋር አብሮ ደርቋል፣ ኮፈኑ የብርቱካን ልጣጭ መስሏል። ስንጠይቃቸው «በጊዜ ይለሰልሳል» አሉን። በጊዜ የሚለሰልስ ቀለም የት አለ? ቀሪውን ብር ከተቀበሉ በኋላ ስልክም አላነሱም።

ሁለተኛው ቦታ ባሰ። «ፖሊሽ እናደርጋታለን» ብለው ማሽኑን ለአንድ ለማጅ ልጅ ሰጥተውት ሄዱ። ጥላ ውስጥ ታበራለች። ፀሐይ ላይ ስናወጣት ኮፈኑ በሙሉ ክብ ክብ ጭረት ነው። የኋላ በሯ ጠርዝ ላይማ ቀለሙ ተበልቶ ከሥር ያለው ግራጫ ወጥቷል። አባባ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰና ዝም አለ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን በጣም ነው ያለቀስኩት።

ይሄኛውን ባለሙያ የጠቆመን የሰፈራችን የታክሲ ሹፌር ነው። ገና ስንደርስ «መቼ ነው የተቀባችው?» ብሎ ጠየቀ። ከእሱ በፊት ይህን የጠየቀን ሰው የለም። ቀለሙ ሳይጠነክር አይነካም አለን። ከዚያ ረጅም የፍሎረሰንት መብራት አምጥቶ ከኮፈኑ በላይ ያዘና አባባን ጠራው። «አባቴ፣ ይምጡ ይዩት። መብራቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ኮፈኑ ላይ ግን ተንቀጥቅጦ ይታያል። ቀጥ ብሎ እስኪታይ ነው የምሠራው።» እኛን ቃሉን እመኑ አላለንም፤ በዓይናችን እንድንፈርድ አደረገን።

ዝርዝሩን አትጠይቁኝ። የማስታውሰው ውሃና ጥቂት ሳሙና፣ ጀርባቸው ላይ 1500፣ 2000፣ 3000 የተጻፈባቸው ብርጭቆ ወረቀቶች፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ነው። መኪናዋ ጭራሽ ደብዝዛ ስናያት ደነገጥን። «አይዟችሁ፣ መጀመሪያ መደብዘዝ አለባት» አለ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። የፊት በሩ ላይ አንዲት የአቧራ ነጥብ ነበረች። አሸት፣ አሸት አደረገና ቆመ። «እህቴ፣ ይህችን ልተዋት። እዚህ ጋ ክሊሩ፣ ከቀለሙ በላይ ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ሳስቷል። ብገፋበት ቀለሙ ውስጥ እገባለሁ፣ ያኔ በሩን እንደገና ማስቀባት ነው» አለኝ። ሌላው ቢሆን ወይ ገፍቶ ያበላሻል፣ ወይ ሳይናገር ያልፋታል። እሱ እጁን ሰብስቦ እውነቱን ነገረኝ። ነጥቧ ዛሬም አለች። እኔ ግን ያኔ ነው ሙሉ በሙሉ ያመንኩት።

የተበላውን የኋላ በርም «ይሄ በፖሊሽ አይድንም» ብሎ በግልጽ ነገረን። ጎረቤቱ ያለ ቀለም ቀቢ ጋ ወስዶ በሩን ብቻ አስቀባልን። ቀለሙ ጠንክሮ ስንመለስ በሩን አሽቶ ወለወለው። የእሱን ድካም ልንከፍል ስንል እምቢ አለ። «ሙሽራዋን የምትሸኝ መኪና ናት አላላችሁም? ይቺ የኔ ስጦታ ናት» አለን። ገና ያላያት ሙሽራ! እንዲህ ዓይነት ሰው አሁንም አለ።

በማሽን ሲሠራ አይቸኩልም። በየመሀሉ ብረቱ እንዳይግል በመዳፉ ይነካል። ሲጨርስ ያንን መብራት መልሶ ያዘው። ቀጥ ብሎ ታየ። አባባ ግንባሩን ስሞ መረቀው። እህቴንም በራሱ መኪና፣ ራሱ እየነዳ ሸኛት።

እባካችሁ ወደዚህ ሰው ሂዱ። ዋጋውን ቀድሞ ይነግራችኋል፣ በኋላ አይጨምርም። ሥራው ንጹሕ፣ አፉም ንጹሕ ነው። የነገረንን ምክርም ላካፍላችሁ። አዲስ ቀለም ላይ ለሁለት ወር ያህል ዋክስ አታስቀቡ። ላቫጆ ስትሄዱ በኦሞ እንዳያጥቡላችሁ ንገሯቸው።

ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ እልካለሁ። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ የሰርግ መኪና ስለሚበዛበት፣ ድግስ ያላችሁ ከአሁኑ ደውላችሁ ወረፋ ያዙ። ከእኔ እንደሰማችሁ ንገሩት፣ ደስ ይለዋል።